የምድጃውን በር ማን ከፈተው?

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ በቆምኩበት ድርቅ ልበል። ሌሎች የሚነግሯችሁን አትስሙ፤ እነሱ ያዩት በዓይናቸው ብቻ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ የተገኘችው በስቱዲዮዋ ወለል ላይ፣ በሩ ከተበረገደው ማቃጠያ ምድጃ ፊት ለፊት ነው። ምድጃው ዝሆን ከነልጁ ቢያድርበት የማይጠበው ዓይነት ነበር፤ ሙቀቱ ገና ፊት ይገርፋል። በውስጡ ለታላቁ ኤግዚቢሽን የተዘጋጁት ነጫጭ ማሰሮዎች፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሱት፣ ነገሥታት በዘውዳቸው ሊለውጧቸው የሚለምኑት፣ ሁሉም ገል ሆነዋል። ሬሳዋ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ሐኪሙ «ልቧ ድሮም ደካማ ነበር፤ ቀጥ ብሏል» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

«ልብ ዝም ብሎ አይቆምም፤ የሚያቆመው አለ» አለ መርማሪው።

ይህን ሰው አገር ምድሩ «ወንፊት» ይለዋል፤ ወሬው ሁሉ ያልፍና እውነቱ ብቻ ላዩ ላይ ይቀራል። ትንኝ ስታዛጋ ይሰማል፤ ውሸታም ገና ውሸቱን ሳያስበው እሱ ያነጥሳል። ከምድጃው ፈንጥቆ ወለሉ ላይ የበረደ አንድ ገል አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ደሙ ጠብ አለ።

«ስለታም ነው። እህቴ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

የጠየቀው ጥግ ላይ የቆመችውን የሟች ታናሽ እህት ነበር። ዕድሜዋን ከእህቷ ጋር ጭቃ ስታቦካ የኖረች፣ ካልጠየቋት የማትናገር ሴት ናት።

«እሳቱ እየጨመረ ሳለ የተሰነጠቀ ዕቃ ጠርዙን የቀለጠው ቅብ ያለሰልሰዋል። ስለታም ከሆነ የተሰነጠቀው ሲበርድ ነው።»

«ሲበርድ ለምን ይሰነጠቃል?»

«በሩ ያለጊዜው ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ሲመታው።»

«ታዲያ ማን ከፈተው?»

«ኧረ ይተዋት!» አለ የሟች ባል ከበሩ ሆኖ። «ሐዘንተኛ ናት። የሚጠየቅ ካለ እኔ አለሁ።»

ወንፊት ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ባልየው አናጢ ነው፤ የሚስቱ ማሰሮዎች የሚጓዙበትን ሳጥን ሁሉ የሚመታው እሱ ነበር። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያለው ቆዳ ከቀረው ፊቱ ገርጥቷል።

«ሪዝዎን መቼ ተላጩት?»

«ዛሬ።»

«ሚስትዎ በሞተችበት ቀን?»

«ከእንግዲህ ለማን ላሳምረው?»

በዚህ መሐል የኤግዚቢሽን አዳራሹ ባለቤት እያለከለከ ደረሰ። «ጉድ ሆንኩ! ጥሪው ተበትኗል! በመክፈቻው ቀን እንግዶች ፊት ቁጭ ብላ በእጇ ልትሠራ ነበር፤ ትናንት ነው የነገርኳት። አሁን ምን ልደርድር? ገል ልደርድር?»

«ከሞተችው የተሰበረው አሳዘነዎት?»

«ለሷማ የሚያለቅስ ሞልቷል፤ ለማሰሮዎቹ ማን ያለቅስላቸዋል?»

ከሰዓት በኋላ ወንፊት ሦስቱንም እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰባቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«የአዳራሹ ባለቤት ጠዋቱን ሙሉ መብራት ሲያሰቅሉ ሠራተኞቻቸው አይተዋቸዋል፤ እሳቸው ወጡ። የቀረው ቤተኛ ነው። የጋለ ምድጃ የከፈተን ሰው ደግሞ ወላፈኑ ሳይልሰው አይለቀውም። እህትየዋ ቅንድቧ ሙሉ ነው። የእርስዎ ግን፣ ጌታዬ፣ የክንድዎ ፀጉር ተኮማትሯል፤ ሪዝዎንም የተላጩት ስለተለበለበ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሻይዋን እዩት፤ ግማሹን ጠጥታ፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ ሰምታ ሮጠች። የዕድሜ ልክ ሥራዋ ዓይኗ እያየ ሲረግፍ ልቧ ቆመ። ለምን ቢሉ፣ ከዚህ ኤግዚቢሽን በኋላ ባሕር ማዶ ልታስተምር ልትሄድ፣ እርስዎ ከባዶ ሳጥን ጋር ሊቀሩ ነበር። ያለ ጥይት ገደሏት!»

እንዲህ ያለ ንግግር ከዓለም መፈጠር ወዲህ አልተሰማም። ባልየው ሁለት እጆቹን ለፖሊሶቹ ዘረጋ።

«ልክ ብለዋል። እኔ ነኝ። እንሂድ።»

«ጋሼ አልከፈተውም» አለች እህትየዋ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር።

«ዝም በይ! በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ ተይ!»

«እትዬ ናት የከፈተችው። እኔ እዚህ ነበርኩ። ጋሼ የተለበለበው ሊዘጋው ሲታገል ነው።»

«ሻዩስ?» አለ ወንፊት።

«ሙሉ አይቀዳላትም። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ይደፋባታል። ሁለት ዓመት ሆነው።»

የአዳራሹ ባለቤት ከወንበሩ ተነሣ። «ሁለት ዓመት? ታዲያ እነዚህን ማሰሮዎች…»

«እኔ ነኝ የሠራኋቸው። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ‹ትንሽ ሳሳ አድርጊው› ትለኛለች። ትናንት እንግዶች ፊት ሥሪ ሲሏት እንቅልፍ አጣች። ጠዋት ‹ማሰሮ ከሌለ መክፈቻም የለም› ብላ በሩን ከሩቅ በመንጠቆ ሳበችው። ሲሰነጠቁ ቆማ ሰማች። ከዚያ ቁጭ አለች፤ አልተነሣችም።»

ፖሊሶቹ ወንፊትን አዩት፤ ወንፊት ጫማውን አየ። የአዳራሹ ባለቤት ስልኩን አውጥቶ፣ የጋዜጠኛ ስም እየጠራ ወደ ውጭ ወጣ።

ባልየው የተዘረጉ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ምን አደረግሽ?» አላት። «እኔ እታሰር ነበር፤ እሷ ግን በስሟ ትኖር ነበር።»