የዳቪዳ ጥላ

ጁን 11 ቀን 1983፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። ሄዘል ፕራውስ ለወንድሟ ለሌስ ሾርባ ይዛ ስትደርስ ከቴሌስኮፑ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ማጅራቱ ተፈልጧል። ኮቱ ውስጥ ያለው፣ የሚያየውን በድምፁ የሚቀዳበት ቴፕ ግን አሁንም ይዞራል፤ ብርዱ ባትሪውን እንዳይገድልበት ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚከተው።

«ይህን ያደረገውን ሳላይ አልቀብረውም» አለች።

ያን ምሽት ዳቪዳ የምትባለው ከሰል የመሰለች ግዙፍ አስትሮይድ፣ የጠፈር ዓለት፣ አንድ ኮከብ ትጋርዳለች ተብሎ፣ አራት የሥነ ፈለክ ክለብ ሰዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተራርቀው ቆመው ነበር፦ ጆይስ፣ ኮሊን፣ ሌስ፣ በመጨረሻም ቪክ። ጥላዋ ያረፈበት ሰው ኮከቡ ሲጠፋ ያያል። ውጤታቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ ስላዩት ነገር እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ የክለቡ ሕግ ነው።

ሳጅን ኮራ ማዊትኒ በማግስቱ ለየብቻ ጠየቀቻቸው።

«ኮከቡ ጠፋ፤ ግን ከተተነበየው ጊዜ ግማሹን ያህል ብቻ» አለች ጆይስ።

«እኔ ጋ ምንም! ብርድ ታቅፌ ተመለስኩ» አለ ኮሊን።

ቪክ «ጠፋ፤ ልክ እንደ ትንበያው። ከቦታዬ ባልኖር እንዴት አያለሁ?» አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስባ ቴፑን ከፈተች። የሬዲዮ ሰዓት ምልክት፣ ከዚያ የሌስ ድምፅ፦ «ኮከቡ አለ… አሁንም አለ… ጥላው ስቶናል።» ቀጥሎ የምት ድምፅ። ሄዘል ጥርሷን ነከሰች።

«ሌስ የተመታው ኮከቡ ይጠፋል በተባለበት ደቂቃ ነው» አለች ሳጅኗ። «ጆይስና ኮሊን ከትንበያው የተለየ ነገር ነገሩኝ፤ እዚያ ያልነበረ ሰው እንዲህ አይገምትም። በሰሜን ጆይስ ጋ ኮከቡ ጠፋ፤ ኮሊን ጋ አልጠፋም፤ ሌስ ጋም አልጠፋም። ከሁለቱ በስተደቡብ አንተ ጋ ግን ጠፋ አልክ። ቪክ፣ ጥላው ሁለት ሰው ዘሎ እንዴት አንተ ጋ መጣ?»

«ዳቪዳ ጨረቃ ኖሯት ይሆናል።»

«ኮከቡን የዳቪዳን ያህል ጊዜ የምትጋርድ፣ ራሷን የምታክል ጨረቃ?»

ኮሊን ሳያስበው ሳቀ።

«አንተ ያን ምሽት ሰማይ አላየህም» አለች ሳጅኗ። «ትንበያውን ሸምድደህ ሌስ ጀርባ ቆመህ ነበር።»

ቪክ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳ። «ልጄን ዳኒን ጎርፍ ሲወስደው፣ እየጮኸ ሌስን ሲጠራ፣ ያ ሰውዬ ቴሌስኮፑን አልለቀቀም! ሴኮንድ ይቆጥር ነበር! እሱንም ሲቆጥር ሞት ያግኘው አልኩ።»

ሄዘል ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ስለ ዳኒ ነግሮኛል። ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር። አንተ ግን ፊቱን ለማየት እንኳ አልደፈርክም፤ ከኋላ መጣህ።»

ሌስ በሳምንቱ ተቀበረ። ቪክ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ አመክሮ በጠየቀ ቁጥር ሄዘል እየሄደች ተቃወመች። በዘጠነኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ ሞተ።