ለአያ ውድነህ ያዋስኩት አካል

ይህን ስታነቡ "ፈጥራው ነው" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ተጠራጣሪ ነኝ። የሠርግ ጥሪ ካርድ እንኳ ቢደርሰኝ ደውዬ ሳላጣራ አላምንም።

ግን ሆኗል...

ባለፈው ጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድብ ባሕር ባለች አንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ። በጠራራ ፀሐይ።

ፍሬሰላም እባላለሁ። ጎንደር አራዳ ላይ ሁለት ሰው ሲገባባት የምትጠብ ፎቶ ቤት አለችኝ።

ፎቶ የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወንድሜ ህሩይ ስልክ የገዛልኝ ቀን ነው። ህሩይ ባጃጅ ይነዳል። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ጎረቤት ሁሉ "ለሷ ስልክ ምን ያደርግላታል?" ሲል እሱ ግን "ፍሬ፣ ያንቺ ዓይን ሌላ ነው" አለኝ።

መጀመሪያ ያነሳሁት የቤታችንን ግድግዳ ነበር። ዝናብ ያወረደበት ቆሻሻ መስመር ስልኩ ላይ ሲታይ ወንዝ መሰለኝ። በጣቴ ዳርና ዳር ዛፍ ሣልኩበት። ጨረቃም አወጣሁለት። ቀና ስል ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ወጡም አርሯል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላስደሰተኝም። ፎቶ ማንሳት፣ በላዩ መሣል፣ ቀለም መደረብ... ህሩይም ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤቴን ጠርጎልኝ ነው ባጃጁን የሚያስነሳው። "አርቲስት መጥረጊያ አይዝም" እያለ ያሾፍብኛል።

እንጀራዬ ግን የሟች ፎቶ ሆነ።

ለተዝካር የሟች ፎቶ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። ከገጠር የሚመጣው ብዙው ሰው ግን ያለው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ ቤቶች ጭንቅላቱን ቆርጠው ሱፍ የለበሰ የሌላ ሰው አካል ላይ ይቀጥሉታል። አካሉ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

እማማ ደብሪቱ ግን ጠየቁ።

የመጡት ማክሰኞ ነው፣ ከገጠር፣ ከድብ ባሕር። የባላቸው የአያ ውድነህ ተዝካር ቅዳሜ ነበር። ከመቀነታቸው ጫፍ አንዲት ጉርድ ፎቶ ፈትተው ሰጡኝ።

"በቁሙ አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

"እሺ እማማ። ሱፍ አለብሳቸዋለሁ።"

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በሰው አካል እንዳታደርጊው።"

"ማለት?"

"ሌላ ቤት ሄጄ ያንድ ጎረምሳ ገላ ሊቀጥሉበት ሆነ። አንች በጅሽ ትሥያለሽ አሉኝ። ሥይልኝ።"

"ሰው ሁሉ እኮ ነው የሚያደርገው፣ እማማ።"

"ውድነህ እንደ ሰው ሁሉ አልነበረም" አሉ በሹክሹክታ። "የገባበትን አይለቅም።"

ሊወጡ ሲሉ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የህሩይን ፎቶ አይተው ቆሙ።

"ይህስ ማነው?"

"ወንድሜ ነው።"

"ሸጋ ቁመት አለው" አሉ። "ልክ እንደ ውድነህ።"

ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ሦስት ቀን ሣልኩ። ካባውም፣ ጋቢውም፣ እግሩም ወጣልኝ። እጁ ግን እምቢ አለ። ጣቶቹ ካሮት ይመስላሉ። እጁን ሳስተካክል ትከሻው ይበላሻል፣ ትከሻውን ሳስተካክል ሰውየው ይጣመማል። ዓርብ ረፋድ ላይ ደከመኝ። እማማ ደብሪቱ ከሰዓት ይመጣሉ።

ህሩይን ጠራሁት።

የሚዜነት ሱፉን ለብሶ ጋቢ ደረበ። ዘንግ ስላልነበረን መጥረጊያዬን ገልብጦ በቀኝ እጁ ያዘና ደረቱን ነፋ።

"አያ ህሩይ በሉኝ" አለ። ሳቅን።

አነሳሁት። አንገቱን ቆርጬ የአያ ውድነህን ፊት አስቀመጥኩበት። መጥረጊያውን ዘንግ አደረግኩት። ከዚያ በጣቴ ሁሉንም በቀለም ሄድኩበት፣ ስፌቱ እስኪጠፋ ድረስ።

እውነቱን ልንገራችሁ... በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ኮራሁ።

እማማ ደብሪቱ ትልቁን ህትመት ሲያዩ አላለቀሱም። ቀኝ እጁን ብቻ በጣታቸው ዳሰሱት።

"ሣልሽው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ይህን ጠባሳ በምን አወቅሽው?"

"የቱን?"

ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ስልኬን ከፍቼ አጎላሁት። ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ነጭ ጠባሳ አለ።

እኔ አልሣልኩትም።

ህሩይን ያነሳሁበትን ዋናውን ፎቶ ከፈትኩ። ጣቱ ንጹህ ነው።

ተዝካሩ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ምሳ እየበላን ነበር። ህሩይ ሲጎርስ አውራ ጣቱን አየሁት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የቱ? ጠባሳው? ማጭድ የቆረጠኝ ነዋ። ምነው፣ ረሳሽው?"

የቆየ ጠባሳ ነው፣ የዳነ። ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያደገው ወንድሜ ግን ማጭድ ይዞ አያውቅም።

"መቼ ነው የቆረጠህ?"

"አጨዳ ላይ" አለና ሽሮውን አወደሰ። "ሸጋ ነው።" "ሸጋ" ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እየቀለደብኝ ነው አልኩ። ያቺ ሴትዮ በጀርባዬ አግኝታው የሆነ ነገር ነግራው ይሆናል አልኩ። የእሱን ስልክ ተደብቄ ፈተሽኩት። ምንም የለም።

በማግስቱ የራሴ ስልክ ጠየቀኝ።

ፊት እየለየ ያንድን ሰው ፎቶ ባንድ አልበም የሚሰበስብ ነገር አለው። "ህሩይ" የሚል አልበም አለኝ። "አያ ውድነህ" የሚልም ነበረኝ፣ ያ አንድ ሥዕልና ጉርዷ ብቻ ያሉበት። የሁለቱን ፊት ጎን ለጎን አምጥቶ...

"ይህ ያው ሰው ነው?"

"አይደለም" የሚለውን ነካሁ።

ከሰዓት እንደገና ጠየቀኝ። "አይደለም" አልኩ።

በሦስተኛው ቀን መጠየቁን ተወ። የህሩይ የምረቃ ፎቶ ራሱ "አያ ውድነህ" ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ከዚያ የጥምቀቱ። ከዚያ ባጃጁ ላይ ሆኖ የሚስቅበት። በየቀኑ አንዱ አልበም ሲሳሳ ሌላው ይወፍራል። ፊቶቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ህሩይ ነው። ግን... ሲስቅ ጥርሱ አይታይም። ወንድሜ ጥርሱን ሳያሳይ ስቆ አያውቅም።

ሥዕሉን ከስልኬ ላጥፋው አልኩ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ቆመ።

ሳሳሁለት። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር... ይህንን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

"ና ላንሳህ" አልኩት ህሩይን በነጋታው።

"ምን ይሠራል?" አለኝ። "አለኝ እኮ አንድ ሸጋ።"

ያን ቀን ፎቶ ቤቴን አልጠረገልኝም።

ሐሙስ ለማንም ሳልናገር ወደ ድብ ባሕር ተሳፈርኩ።

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ውሻው እግሬን ሊዘነጥለኝ ምንም አልቀረው፣ እማማ ደብሪቱ ወጥተው ነው የያዙልኝ። ስገባ የበሩ ጉበን ግንባሬን መታኝ።

"ዝቅ በይ። እንግዳ ሁሉ ይመታዋል" አሉኝ።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በነጠላ ተሸፍኗል።

"ለምን ሸፈኑት?"

መደቡ ላይ በጣሳ የተቀዳ ውሃ ተቀምጧል። ብቻቸውን እንደሚኖሩ ነግረውኝ ነበር።

"አካሉ የማን ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"የወንድሜ።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ።"

"አዎ። ዋሸሁዎት። እባክዎ እማማ... ሌላ ሰው የለኝም። ምን ላድርግ?"

ዓይኔን አላዩም። ጣሳውን ነው የሚያዩት።

"ያን ቀን ቁመቱን ሲያደንቁ..." አልኩ። "አውቀው ነው?"

"ብቸኝነት መጥፎ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ያኔ የሰው ኮቴ ሰማሁ።

ውሻው አልጮኸም።

በበሩ ስንጥቅ አየሁት። እየተሻሸ፣ ጅራቱን እየቆላ አንድ ሰው አጅቦ ይመጣል። ሰውየው ዘንግ ይዟል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ጎንበስ አለ። ጉበኑ አልነካውም።

ህሩይ ነበር። ድብ ባሕርን በሕይወቱ ረግጦ የማያውቅ ወንድሜ።

"እንዴት ዋልሽ፣ ደብሬ።"

ጣሳውን አነሳና ቁሞ ጠጣ። ከዚያ እኔን አየኝ። በትሕትና፣ ሰው በገዛ ቤቱ ባዳን እንደሚያየው።

"እንግዳ አለሽ እንዴ?" አላቸው።

"ህሩይ" አልኩት። "ፍሬ ነኝ። ፍሬ..."

"የማን ልጅ ናት?" ብሎ ጠየቃቸው።

እማማ ደብሪቱ አልደነገጡም። ቁጭ ይበል ብለው መደቡን አራገፉለት።

ተነስቼ ነጠላውን ገፈፍኩት።

ሱፉ ያው ነው። ጋቢው ያው ነው። ቀኝ አውራ ጣቱ ግን ንጹህ ነው። የያዘው ዘንግ አልነበረም... መጥረጊያዬ ነበር። ፊቱም የህሩይ ነበር፣ ጥርሱን ገልጦ፣ "ፍሬ" ሊለኝ ሲል የተነሳ የሚመስል።

ሥዕሉን ተሸክሜ ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም። ውሻው ግን እስከ መንገዱ ድረስ እየጮኸ ሸኘኝ።

ለሰው ነግሬያለሁ። "ወንድምሽ ባልቴት ወዶ ገጠር ገባ" ብለው ይስቁብኛል። ሄጄ ለመንኩት። ውሃ ሰጥቶ፣ በጨዋ ደንብ ሸኘኝ።

ሥዕሉን ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ ወንበሬ ፊት ለፊት ሰቅየዋለሁ። ሰው አላነሳም አሁን። ማታ ስወጣ "ደህና እደር" እለውና እቆልፋለሁ። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስከፍት ወለሉ ተጠርጎ ጠበቀኝ።