የሐስልኮት ደወል ለምን ተደወለ

በዳግማዊ ጊዮርጊስ ዘመነ መንግሥት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1752 ዓመት፣ ዲሴምበር ሃያ አምስት ቀን፣ ሰኞ ጧት፣ በግሎስተር ኮረብታ ትከሻ ላይ የተቀመጠችው የሐስልኮት መንደር ለሁለት ተከፍላ ነጋባት። ግማሿ የጌታ ልደት ዛሬ ነው ብላ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ወደ ደብሯ ስትወጣ፤ ግማሿ ደግሞ ልደቱ ሊደርስ ብዙ ቀን ይቀረዋል ብላ ቅቤዋን ትንጥ፣ ማረሻዋን ትስል፣ ከጎረቤት የሚመጣውን የዝይ ጥብስ ሽታም አፍንጫ እንደሌለው ሰው ታልፈው ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋስም የለም።

ይህን ሁሉ ያመጣው የለንደኑ ፓርላማ አዋጅ ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሕዝቡ ረቡዕ በሁለተኛው ቀን ተኝቶ ሐሙስ በአሥራ አራተኛው ቀን እንዲነሣ ታዘዘ፤ በመካከል የነበሩትም አሥራ አንድ ቀናት ከዘመን ተፍቀው ቀሩ። ሊቃውንቱ የቀን መቁጠሪያው ከፀሐይ ጋር ይታረቅ ዘንድ ነው አሉ፤ የሐስልኮት ሰው ግን ከፀሐይ ጋር የተጣላበት ጊዜ ትዝ አይለውም ነበርና ነገሩን በጥርጣሬ ተቀበለው። ጌታ በአዋጅ የተወለደ ይመስል ልደቱ በአዋጅ ይዛወራል ወይ ብሎ ያላጉረመረመ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩ እንቅልፍ የነሣት ቶማሲን ዊቼሎን ነው። ቶማሲን የጭነት ሠረገላ ነጂው የጌዲዮን ዊቼሎ አንዲት ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የአባቷን ቤት የምትይዝ፣ ያየችውን ሁሉ ለምን የምትል፣ መልሱን ስታገኝ ደግሞ መልሱንም ለምን የምትል ሴት ነበረች። ቄስ ትሬንቻርድን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አቁማ፣ በእነዚያ በተፋቁት ቀናት ሊወለድ የነበረ ሕፃን ልደቱን መቼ ያከብራል ብላ ጠይቃቸዋለች፤ እርሳቸውም ባርከዋት ሄደዋል። በዋዜማውም፣ በልደት ሌሊት በሬዎች በጋጣቸው ይንበረከካሉ እየተባለ ሲነገር ስለኖረ፣ እስቲ እነርሱ የትኛውን አቆጣጠር እንደያዙ ልወቅ ብላ ፋኖስ ይዛ ወደ ጋጣ ወርዳ ነበር። በሬው ቀድሞ ተኝቶ ስላገኘችው ይንበርከክ አይንበርከክ ሳትለይ ተመለሰች።

ጌዲዮን ደግሞ የአሮጌው ገና ወገን አለቃ ነበር። የደብሩ አምስት ደዋዮች አለቃና የትልቁ ደወል ጌታ እርሱ ነው፤ በልጅነቱ ከአባቱ የተረከበውን ገመድ በዚያ ሁሉ ዘመን ለማንም አስነክቶ አያውቅም። አዋጁ በተነበበ ሰሞን አራቱን ባልንጀሮቹን ወደ ደወሉ ቤት ወስዶ፣ እጃቸውን በትልቁ ገመድ ላይ አስጭኖ፣ ለፓርላማው ገና አንዲትም ደወል ላይደውሉ አስምሏቸዋል።

በዚያ ጧት ቶማሲን ሰማያዊ ሻሿን ስታስር አይቶ ጫማውን ማሰሩን ተወ።

«የት ልትሄጂ ነው እንዲህ ተሽሞንሙነሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን። እስቲ አዲሱ ገና ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው አባዬ።»

«ምን እንደሚመስል እኔው ልንገርሽ። ሰኞ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ይምጡና ሰኞነቱን አብረን እንየው። አይነክስዎትም።»

«እኔ ሥራ አለኝ። ታች ማርፎርድ አይብ አደርሳለሁ፤ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን።»

ቶማሲን በመስኮቱ ወደ ሰሜን አየች። ከኮረብታው ጀርባ ሰማዩ የቆርቆሮ መልክ መያዝ ጀምሯል። «ባይሄዱ ይሻላል። በረዶ በረዶ ይሸተኛል።»

«በዚህ ኮረብታ ላይ ከቅዱስ ቶማስ በዓል በፊት በረዶ ወርዶ አያውቅም። ዛሬ ቀኑ አሥራ አራት ነው፤ ቅዱስ ቶማስ ደግሞ ሳምንት ይቀረዋል።»

«በእርስዎ አቆጣጠር ነዋ። በረዶው በየትኛው እንደሚቆጥር ማን ነገረዎት?»

ይህ ነገር ጌዲዮንን አበገነው፤ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። በሩ ላይ ዞሮ «ሂጂ፤ የፓርላማውን ገና ጠግበሽ ብዪ» አላት፤ «ማታ ስትመለሺ ግን እንኳን አደረሰዎ እንዳትዪኝ።» እርስዋም እልኸኛ ነበረችና ደኅና ይግቡ ሳትለው ቀረች።

ጌዲዮን ሠረገላውን ይዞ በማርፎርድ አቋራጭ ሊወርድ ሲችል፣ ሆነ ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በኩል ዞረ። ቄሱ የመላእክቱን ምሥራች በማንበብ ላይ ሳሉ የሁለቱ ፈረሶቹ የአንገት ቃጭል ተንሿሿ፤ ሳይቸኩል፣ ሳያፍር፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተሰማ አለፈ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ቶማሲን አንገቷን ደፋች። ምእመናኑ ግን ያለ ደወል የመጡና ያለ ደወል የሚበተኑ ስለነበሩ፣ የዚያን ዕለት የሰሙት የገና ደወል ያ የፈረስ ቃጭል ብቻ ነው።

በረዶው የወረደው ሰው ከምሳ ሳይነሣ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ ቀጥሎ ከሰሜን ምሥራቅ ነጭ ውሽንፍር ኮረብታውን ዘልቆ መንደሩ ላይ ተደፋ። አዲሱን ገና የሚያከብሩት በየመስኮታቸው ተሰብስበው ተደነቁ፤ አሮጌውን የያዙት ደግሞ ልብስ ከገመድ ለማውረድ፣ ዶሮ ለማስገባት ተሯሯጡ። ጥቂት ቆይቶ የድንጋይ አጥሮቹ ጠፉ፤ ኩሬው ጠፋ፤ ከሐስልኮት ወደ ማርፎርድ የሚወርደው መንገድ፣ ግራና ቀኙ አጥር የሌለው፣ በአንድ ወገኑም የጥንት የድንጋይ መቁረጫ ገደል ያለበት፣ ከሜዳው የማይለይ ሆነ። ጌዲዮን ከሰዓት በኋላ ሳይገፋ ይመለስ የነበረ ሰው ነው፤ አልተመለሰም።

ቶማሲን ሁለት ጊዜ እስከ መንደሩ ጫፍ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ የራሷን ዱካ አጥታ አጥር እየዳሰሰች ተመለሰች። ፈርታ ነበር፤ ከፍርሃቷም ይልቅ ያላለችው ደኅና ይግቡ ከነከናት። በሦስተኛው ወደ አሞስ ፕራት የብረት ሥራ ቤት ሮጠች። አሞስ የክርስትና አባቷ ነው፤ ሁለተኛውን ደወል የሚደውልም እርሱ ነው። ዕለቱ ሥራ የሚሠራበት መሆኑን ለማሳየት ከጧት ጀምሮ የሚቀጠቅጠውን እየቀጠቀጠ ነበር፤ የቀሩት ሦስት ደዋዮችም ሥራቸው ሥራ ማየት ይመስል ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ አሞስ፣ አባቴ አልገባም።»

«ማርፎርድ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ቢራውን እየጠጣ ይሆናላ።»

«አባቴ? ተጣልተን በወጣበት ቀን? እንዲያውም ጭቅጭቁን ለመጨረስ በጊዜ ነበር የሚገባው።»

አሞስ መዶሻውን አስቀመጠና በሩን ከፈተ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አልታየውም። በሩን መልሶ ዘጋ። «ፋኖስ ይዘን ብንወጣ ጠፊው አንድ ሳይሆን አምስት ይሆናል» አለ።

«እንድትወጡ አልመጣሁም። እንድትደውሉ ነው።»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ልብስ ሰፊው ሳይላስ ጉሮሮውን ጠረገና «ትልቁን ብቻ፣ አንድ አንድ እያደረግን ብንመታውስ?» አለ። «ያ የገና ደወል አይባልም። መሐላውም አይፈርስም።»

«ያ የሞት ደወል ነው» አለች ቶማሲን። «አባቴ የሞት ደወል ከሰማ ምን እንደሚያደርግ አታውቁም? ቆቡን ያወልቃል፤ ማን ሞተ ብሎ ቁጭ ብሎ ያስባል። በዚህ ብርድ ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ አይነሣም። አምስቱንም ደውሉ፤ እንደ ገና፣ ሙሉውን።»

«አብደሻል? የገናን ደወል ከሰማ እኮ ጀርባውን ሰጥቶን ለንደን ድረስ ነው የሚሄደው» አለ ሳይላስ።

«አንተ ስትናደድ ትሸሻለህ፤ ሚስትህ ትንገረን። አባቴ ግን ሲናደድ ወደ ነገሩ ነው የሚሄደው። እሱን ከተቀመጠበት የሚያስነሣው ንዴት ብቻ ነው።»

ከመካከላቸው አንዱ ሳቅ ሲል አሞስ አልሳቀም። «በትልቁ ገመድ ምለናል ልጄ» አላት ቀስ ብሎ። «ማርፎርዶችም ይሰሙናል። ሐስልኮት እጇን ሰጠች ይላሉ።»

«ያስማላችሁ ማን ነው?»

«አባትሽ።»

«እንግዲያው መጥቶ ይጣላችኋ።»

አሞስ ሽርጡን ፈታ።

ወደ ደወሉ ቤት ተያይዘው ሲገቡ አራት ሰውና አምስት ገመድ ሆነ። ቶማሲን ወደ ትልቁ ገመድ ስትጠጋ፣ በዚያ ዘመን ሴት ደወል አትነካም ነበርና ሳይላስ መንገዱን ዘጋባት፤ እርስዋም ለመጣላት ገና አፏን ስትከፍት ቄስ ትሬንቻርድ በረዷቸውን እያራገፉ ገቡ። የደዋዮቹን ዱካ በደጃቸው አይተው የመጡ ናቸው፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ልጆቼ! ስብከቴ ልባችሁን ነካው ማለት ነው?»

«የለም አባታችን» አለ አሞስ፤ «ጌዲዮን በረዶ ውስጥ ቀርቷል። ሰው ጎድሎናል።»

ቄሱ ወደ ትልቁ ገመድ ቀረቡ። ከዚያም ካባቸውን አውልቀው ለቶማሲን አስያዟትና የጌዲዮንን ገመድ ጨበጡ። ብዙ የተማሩ፣ ብዙም ደግ ሰው ነበሩ፤ ደወል ግን በዕድሜያቸው ደውለው አያውቁም። አራቱ ደወሎች ተከታትለው በወጉ ሲያስተጋቡ፣ አምስተኛው አንዴ ዘግይቶ፣ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴም ከሌላው ጋር ተጋጭቶ ይወድቅ ነበር። ቶማሲን ካባውን ታቅፋ በሩ ሥር ቆመች። ድምፁ ኮረብታውን ወርዶ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ በረዶ ድምፅን ያፍነው ወይም ያሻግረው እንደሆነ፣ የሚሰማው ጆሮ ይኑር አይኑር አታውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ለማወቅ የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር። የደዋዮቹ ክንድ ዝሎ፣ ቄሱም መዳፋቸው ተልጦ፣ አሞስ እናቁም እንዳይላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች።

ያን ጊዜ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ጌዲዮን ቆብ የለውም፤ ጢሙና ቅንድቡ አንድ የበረዶ ጥፍጥፍ ሆኗል፤ ከኋላው አንዱ ፈረስ ብቻ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ማን ነው» አለ፣ ከንፈሩ እየተሳሰረ፤ «ማን ነው ገመዴን እንደ ላም ጅራት የሚጎትተው?»

ቄሱ ገመዱን ለቀቁ። «እኔ ነኝ፣ አቶ ዊቼሎ።»

«እርስዎስ ይሁን፤ አያውቁም። አንተ ግን አሞስ! ምለህልኝ!» ወደ አሞስ ሁለት እርምጃ ሄደና ወደ ፊት ተደፋ። ቶማሲን ከመሬት ሳይደርስ ያዘችው፤ እንኳን አደረሰዎ አላለችም፤ አባዬ፣ አባዬ ብቻ እያለች አለቀሰች።

በኋላ በአሞስ ምድጃ አጠገብ ሆኖ እንደተናገረው፣ ሠረገላው በድንጋይ መቁረጫው አፋፍ ተንሸራቶ አንዱን ፈረስ ይዞበት ወረደ፤ እርሱም የቀረውን ፈረስ ይዞ ከመንገዱ ርቆ ከአንድ የእርሻ አጥር ሥር ተጠለለ። ብርዱ ለቆት፣ እንዲያውም ሙቀት ሙቀት ብሎት፣ ዓይኑን ሊከድን ሲል ደወሉን ሰማ። «ከሐዲዎች አልኩ። ትቼው ልተኛ ነበር እኮ። ግን ትልቁ ደወል አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፤ እንዴት ያስተኛል? ማን እንደሆነ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ።»

ቶማሲን ለምን እንደደወሉ ነገረችው። ጌዲዮን «ቢሆንም ምለው ነበር» አለ፤ ከዚያም እጁን ዘርግቶ የተንሻፈፈውን ሻሿን አስተካከለላት። የዘረጋው እጅ ጣቶች ጠቁረው ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከቀኝ እጁ ሦስቱን የማርፎርዱ ሐኪም ቆረጣቸው።

አሮጌው ገና በደረሰ ጊዜ ጌዲዮን ወደ ደወሉ ቤት ወጣ። አራቱ ባልንጀሮቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ጠበቁት፤ ገመዱን በግራው ጨበጠ፣ በቀኙ ሊያግዘው ሞከረ፤ ደወሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛ አልሞከረም። ያለ እርሱ ሊደውሉ የደፈሩ አልነበሩምና፣ ሐስልኮት እርሱ ያን ያህል የተሟገተለትን አሮጌ ገና በዝምታ ተቀበለችው፤ ከዚያም ወዲህ በአሮጌው ቀን ደወል ተሰምቶ አያውቅም።

ማርፎርድ ግን ያን የበረዶ ቀን ደወሉን ሰምታለች። ሐስልኮት፣ ያች የእልኸኞች መንደር፣ ሙሉውን ደወል ደውላ አዲሱን ገና ተቀበለች ተባለ፤ እነርሱ ካመኑ እኛ ምን ቀረን ብለው በሚቀጥለው ዓመት ማርፎርዶች ተከተሉ፤ ከማርፎርድ በታች ያሉትም ማርፎርድን ተከተሉ። በደብሩ ግድግዳ ላይ ዛሬም የሚነበብ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ፤ ቄስ ትሬንቻርድ በአንድ ስብከት ደብራቸውን ከስሕተት እንደመለሱ ይመሰክራል። ሰሌዳውን ያሠሩት እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እርሳቸው ቢኖሩ ዝም ባላሉ ነበር።

ቶማሲን ዕድሜ ጠግባ ኖረች። በመጨረሻ ዘመኗ የቀደሙ ልማዶችን እየዞረ የሚያጠና አንድ ባላባት ከኦክስፎርድ መጥቶ፣ ኮረብተኛው ሁሉ ሲያምፅ ሐስልኮት አዋጁን በዚያ ፍጥነት የተቀበለችበት ምክንያት ምን እንደነበረ በትሕትና ጠየቃት። ትምህርት ነው፣ ወይስ የቄሱ ትጋት፣ ወይስ የሹማምንት ፍርሃት?

«አባቴ በርዶት ነበር» አለችው።

ባላባቱ ጥቂት ጠበቃት፤ የምትጨምረው ነገር እንደሌላት ባየ ጊዜም አሮጊቲቱ ጃጅታለች ብሎ አሰበና፣ በአክብሮት እጅ ነሥቶ፣ ወደ ደብሩ ሄዶ የሰሌዳውን ቃል ገልብጦ ተመለሰ።