ጠማማው የድንጋይ መንገድ

«ይህን መንገድ የሠራው ሰውዬ ጠጥቶ መሆን አለበት!» አለ ቀልዶ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። አለቃ ሳቋን ለቀቀችው። ቀጭኔ ግን አልሳቀችም።

በቅጽል ስም የሚጠራሩት ሦስቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከጠዋት ጀምሮ የከተማውን መናፈሻዎች ሲያስሱ ነው የዋሉት። ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን እያንዳንዱ ቡድን አንድ መናፈሻ መርጦ ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ ያቀርባል። ሐይቁ ያለበትን ሰፊውን መናፈሻ ዞረዋል፤ እዚያ አንድ ደፋር ዳክዬ የአለቃን ብስኩት ከእጇ ነጥቋታል። የጽጌረዳው አትክልት ውስጥ ደግሞ ቀልዶን ንብ እስከ በሩ አባሮታል፤ እሱ ግን «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ከማለት አልተመለሰም። አሁን የመጡት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለች ትንሽ መናፈሻ ነው።

እዚህ ያመጣቻቸው ቀጭኔ ናት። የክፍሉ ረጅም እሷ ስለሆነች ስሙ ከወጣላት ቆይቷል፤ ከጓደኞቿ ላለመብለጥም ትከሻዋን ሰብራ መሄድ ለምዳለች። መንገዱን ያነጠፈው አባቷ መሆኑን ትንፍሽ አላለችም። ሳያውቁ እንዲያደንቁላት ነበር የፈለገችው።

መንገዱ ከበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይመጣና መሃል ላይ ሲደርስ ባዶ መሬት ይዞራል። ዛፍ የለ፣ ሐውልት የለ፣ ሣር እንኳ አልበቀለበትም።

«ድንጋይ አለቀበት እንዳይባል ጭራሽ ጨምሮበታል!» አለ ቀልዶ።

የቀጭኔ ደም ፈላ።

«ጠጥቶ አያውቅም» አለች። «አባቴ ነው የሠራው።»

ቀልዶ ክው አለ። አለቃ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለ ቀልዶ። «በቃ ይህንን እንምረጥ። ደግሞ ሲያዩት ሲያዩት ያምራል። አይደል አለቃ?»

«በይሉኝታ ከሆነ ይቅርብኝ!» አለች ቀጭኔ። «መጀመሪያ ለምን እንደዞረ ስሙኝ።»

አባቷ አዲስ መናፈሻ እንዲያበጅ ሲሰጠው መጀመሪያ ሣሩን ይዘራል እንጂ መንገድ አይሠራም። ሰው እንደ ልቡ እንዲሄድ ይተወውና፣ በኋላ እግር የላጨውን ሣር እየተከተለ ድንጋይ ያነጥፋል። የሥራ አለቆቹ «መንገድ የሌለው መናፈሻ የት አገር አለ?» ብለው ሲቆጡት «ሰዎቹ እየሠሩት ነው» ብሎ መልሶላቸዋል። ቀጭኔ ይህን ስትናገር ድምፅዋ በኩራት ከፍ እያለ መጣ፤ አልተቆጣጠረችውም።

«እሺ፣ ሰዎቹ እዚህ ጋ ለምን ዞሩ?» አለች አለቃ።

ቀጭኔ ከመመለሷ በፊት የሰፈሩ ልጆች እየተሯሯጡ መጡ። ብያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ባዶው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ከኋላቸው አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ደረሰች። መንገዱን ተከትላ ዞረችና ሳትቆም አለፈች። ከልጆቹ አንዱም ቀና ብሎ አላያትም።

«መንገድ ሳይኖርም እዚሁ ነበር የሚጫወቱት» አለች ቀጭኔ። «ሰው ሁሉ ይዞራቸው ነበር። አባቴም ዞራቸው።»

ቀልዶ ካሜራውን ከፈተ። አጠገባቸው ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣና ልጆቹን፣ ጋሪውንና ጠማማውን መንገድ አንድ ላይ ፎቶ አነሳቸው።

«እኔ ይህንን ነው የምመርጠው» አለ ሲወርድ። «በይሉኝታ አይደለም፤ እናቴን!»

አለቃ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ ግን ሐይቁን። አትቀየሚኝ፣ ውሃ እወዳለሁ።»

ቀጭኔ አልተቀየመችም። እንዲያውም ቅልል አላት፤ ማንም እያባበላት እንዳልሆነ ገባት።

አንድ ለአንድ ሆኑ። የቀረው የእሷ ድምፅ ነው። «ለአባቷ አዳላች» መባሉ እንደማይቀር ታውቃለች፤ ክፍሉ ውስጥ ለአሽሙር የሚያንስ የለም። ለአለቃ ብላ ሐይቁን ብትመርጥ ማንም ምንም አይላትም።

አንድ ብይ ተንከባሎ መንገዱ ላይ ወጣ። የሚያልፍ ሽማግሌ አጎንብሰው አነሱና ወደ ልጆቹ መልሰው አንከባለሉት።

ቀጭኔ ትከሻዋን አቃናች። ከዚያም «ለዚህኛው» ብላ እጇን እስከሚደርስበት ድረስ ወደ ላይ አነሳች።