ዝቅ ያለው ማይክ

ልያ የጅማ ሬዲዮ ጣቢያው ደረጃ ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። ሰባት ሰዓት ላይ የቀትሩን ዜና በቀጥታ አንብባ «ደህና ዋሉ ጅማዎች!» ያለች ልጅ ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬን ሆነች፤ ወይ ነዶ! ሰው ሁሉ «አዳልጧት ነው» አለ። ኢንስፔክተር ሸዋረገጥ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲስማማ ደስ አይላትም።

ወደ ስቱዲዮው ወጥታ የልያ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ማይኩ ልክ አፏ ላይ መጣ። ሸዋረገጥ ፖሊስ ባልደረቦቿ በጓሮ «ድንቢጧ» የሚሏት አጭር ሴት ናት።

«ልያ ቁመቷ እንዴት ነበር?»

«ኧረ ማሎ ኢንስፔክተር፣ እኔን ታክል ነበር!» አለ ቴክኒሻኑ ዳግማዊ፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። «ከዜናው በኋላ መሣሪያውን ዘግቼ ለምሳ መንደራ ቆጪ ሰፈር ሄድኩ። ስመለስ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ማንም አልገባም።»

ሥራ አስኪያጁ ኦሊያድ፣ እሱም መለሎ፣ ዓይኑ ቀልቷል። «ለትዳር ጠይቄያት እምቢ ብላኛለች። ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ቤቴ ምሳ ላይ ነበርኩ።»

የኔነሽ አሥራ ሁለት ዓመት የሐዘን ማስታወቂያ ስትቀርጽ የኖረች፣ በቀጥታ ግን ዜና አንብባ የማታውቅ ናት፤ ልያንም ያሠለጠነቻት እሷ ነች። «ለሥራ ከሄድኩበት ከሰርቦ ከተማ ስመለስ ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ፖሊስ አላስገባም አለኝ» አለች።

ሸዋረገጥ ሦስቱንም ስቱዲዮ ሰበሰበች።

«ልያ ስታነብ ማይኩ ከፍ ያለ ነበር። አሁን ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ከእሷ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጧል። እናንተ ረጃጅሞቹ ለምን ታወርዱታላችሁ? የኔነሽ፣ እስኪ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ማይኩ ከንፈሯን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ስምንት ተኩል አልመጣሽም።»

የኔነሽ ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ ማር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሰባት ተኩል ላይ ነው የመጣሁት። የሰርቦ ገበሬ ከሬዲዮ ነኝ ስለው ይህን ሰጠኝ። ደስ አለኝ። ‹ለልያ አድርሺልኝ› አለ! አንጀቴ አረረ። ደረጃው ላይ ስነግራት ሳቀች፤ ገፋኋት።»

ሸዋረገጥ ልጅ እግር ባልደረባዋ ቀድሟት የተሾመበት ቀን ትዝ አላት። እሷም ያኔ ሆዷ ቆስሎ ነበር።

«ወርደሽ እሷን በማንሳት ፋንታ፣ ምን ልትሠሪ እዚህ ገባሽ?»

«ወንበሩ ባዶ ነበራ! ‹ደህና ዋሉ ጅማዎች፣ የኔነሽ ነኝ› አልኩ።»

«እትዬ፣ መሣሪያውን ዘግቼው ነበር እኮ» አለ ዳግማዊ። «ማንም አልሰማዎትም።»

ለልያ ጠብ ያላለው የየኔነሽ እንባ ያን ጊዜ ዱብ ዱብ አለ።