የበረደ ኖራ

የግንበኞቹ ጌታ የአቶ ታመነ ሬሳ ከኖራ ጉድጓድ ሲወጣ ገና ይጤስ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ትምህርት ቤት እየተሠራ ነው። መርማሪው መቶ አለቃ ከፋለ ሲደርስ ሰዉ ፈርዶ ጨርሷል። ጥሬውን ኖራ በውሃ የሚያበርደውን የወሎውን ጠሃን ጠፍረው አስረውታል፤ የቀረው መስቀያው ብቻ ነው።

«ጉድጓዱን ክፍት ትቶ ጌታችንን አስፈጀብን» አለ የሥራው አለቃ ፈንታሁን፣ እጆቹን ከጋቢው ሳያወጣ።

ከፋለ ተንበርክኮ የሟቹን አፍና አፍንጫ ፈተሸ፤ ንጹሕ ናቸው። ማጅራቱ ግን አብጧል። ጉድጓዱን በእንጨት ቢቆሰቁሰው ያልሟሙ ድንጋዮች እየተንፈቀፈቁ ብቅ አሉ። ኖራን ከልጅነቱ ያውቃል፤ አባቱ ጎንደር ኖራ ሲያቃጥሉ ነበር የኖሩት።

የጠሃ ሚስት ሳሊሃ ኖራው ከሰኞ ጀምሮ የበረደ እንደሆነ፣ ዛሬም ሊለስኑበት እንደነበር ነገረችው።

«የኔ ባል እንኳን ሰው ሊገድል፣ ዶሮ ለማረድም ጎረቤት ይጠራል፣ ጌታው» አለችው።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ የትምወርቅም እያለቀሰች አወጋችው። ባሏ ትናንት ግድግዳውን በጥፍሩ ቢፍቀው ዱቄት ሆኖ ረግፏል፤ ኖራው ነጭ አፈር ተቀላቅሎበታል። ያደረገውን ሰው አውቄዋለሁ፣ ነገ በሠራተኛው ፊት አዋርጄ አባርረዋለሁ ብሎ ምሎ ነበር፤ ስሙን ግን አልነገራትም።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ድንኳን ገባ። ከፋለ ጠሃንም ከነእስሩ አስገብቶ አስቀመጠው፤ ሰዉ አጉረመረመ። የእጅ ውሃ ሲዞር ሁሉም እጁን ዘረጋ። ፈንታሁን ጋ ሲደርስ፣

«ሐዘን ላይ ነኝ፤ አልበላም» አለ።

«አትብላ» አለ ከፋለ። «ታጠብ።»

ፈንታሁን እጆቹን ከጋቢው አላወጣም። ከፋለ በጣሳ ጥሬ ኖራ አስቀርቦ ውሃ አፈሰሰበት፤ ተንጣጥቶ ፈላ።

«ድንጋዩም ውሃውም ቀዝቃዛ ነበሩ። ሲገናኙ ግን እሳት ወለዱ። አንዴ ከበረደ በኋላ ግን ወንዝ ብታፈስበት አይሞቅም። የጉድጓዱ ኖራ ከሰኞ የበረደ ነው፤ ታዲያ ዛሬ ጠዋት ምን አፈላው? ጥፋቱ በጠሃ እንዲላከክ ጥሬ ድንጋይ የጨመረበት ሰው አለ። አቶ ታመነም በሕይወት እያለ ወድቆ ቢሆን ይተነፍስ ነበር፤ አፉ ውስጥ ግን ኖራ የለም። ማጅራቱን ተመትቶ፣ ሞቶ ነው የገባው።»

«ኖራ የሚያውቅ ጠሃ አይደል?» አለ ፈንታሁን።

«ስለሚያውቅማ ነው!» ከፋለ የታሰሩትን እጆች ከፍ አደረጋቸው፤ በኑግ ዘይት ወዝተዋል፣ አንድ ቁስል የለባቸውም። «ኖራ የለመደ ሰው ዱቄቱን በደረቁ አራግፎ ዘይት ይቀባል እንጂ ውሃ አያስነካውም። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ በጣትህ እየጠቆምክ ስታዝ ኖርክ እንጂ ኖራን ነክተኸው አታውቅም። ድንጋዩን በላብ እጅህ ተሸክመህ ወረወርክ፤ ከዚያ ዱቄቱን ላጥፋ ብለህ ታጠብክ። ጣሳው ውስጥ ያያችሁት እጁ ላይ ነው የፈላው።»

የትምወርቅ ተነሥታ ጋቢውን ገፈፈችው። መዳፎቹ ተልጠዋል።

«ግድግዳውን አፍርሼ እሠራዋለሁ ብዬ ለመንኩት» አለ ፈንታሁን፣ ድምፁ ተቆራርጦ። «እምቢ አለኝ።»

«ልጆቹ ላይ ሲናድስ ማንን ትለምን ነበር?»

ከፋለ የጠሃን ገመድ ፈትቶ ለፈንታሁን አዋለው። ጠዋት የጠፈሩት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ፤ አንዱ ለጠሃ ቦታ ለቀቀለት፣ ሌላው «አይዞህ ወንድሜ» አለው። ሳሊሃ ባሏን ክንዱን ይዛ አስነሣችው።

«እጃችሁንስ ታጠባችሁ» አለቻቸው ከድንኳኑ በር ላይ ዞር ብላ። «አፋችሁን ማን ይጠብላችሁ?»