ከአሌክሳንድሪያ እስከ ፍሬድሪክ

ልዑልሰገድን ያወቅሁት የመኪናውን በር ገጭቼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከፓርኪንግ ወደ ኋላ ስወጣ «ጓ!» አለ። ደንግጬ ስወርድ አንድ ረጅም ልጅ ሳንድዊቹን እንደያዘ ያየኛል።

«ይቅርታ... አላየሁህም።»

«እኔንስ ተዪኝ፤ መኪናዋን አላየሻትም? ቀይ ናት እኮ!»

«ኢንሹራንስ አለኝ።»

«ስልክስ አለሽ?»

በሩን አላሰራውም። «ፊርማሽ ነው» እያለ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲያደርሰኝ ያንኑ በር ይከፍትልኛል። እንዲህ ሆኜ ወደድኩት።

ችግሩ እናቱ ነበሩ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ባል ከሞተባቸው ወዲህ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ሊያስተዋውቀኝ የወሰደኝ ቀን ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

«የት ነው የምትሳለሚው?»

«ቤተሰቦቼ ጴንጤ ናቸው እትዬ። እኔ ግን...»

«ክርስትና አልተነሳሽም?»

«አልተነሳሁም።»

እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መልኳስ ጥሩ ነው። ከመልክ ጋር ግን አይቆረብም።»

ያን ቀን መኪና ውስጥ እጁን ያዝኩት። «እጠመቃለሁ» አልኩት። «በተክሊል እንጋባለን።» ግንባሬን ሳመኝና መኪናዋን አስነሣ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

በመከር ወራት እናቱ ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ቤዚዬ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀናል፤ ትሸማቀቂያለሽ። ፍሬድሪክ ከተማ የማውቃቸው ቄስ አሉ። ላስተምራት ብለዋል። የክርስትና እናት አለሽ?»

«የለኝም እትዬ።»

«እኔ አነሳሻለሁ።»

«እርስዎ?»

«ምነው፣ አነስኩብሽ?»

አለቀስኩ። ስልኩን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ለልዑል እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ሰርፕራይዝ እናድርገው።»

ተምሬ ጨረስኩ። ቅዳሜ ማለዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ዞረው፣ አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ፣ ቤቴ በር ላይ መጡልኝ። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደውን መንገድ ያዝን። ጭነት መኪና ስለማይፈቀድበት ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ከፖቶማክ ላይ ገና እየወጣች ነበር። አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ እንደ ልጅ ጎንበስ አልኩ፤ እሳቸው ሳቁብኝ። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ወጣ። ከድንጋዩ አጥር ማዶ ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ወንዙ ላይ ተደፍቷል።

«አየሽ ያንን ቀይ? እሳት እኮ ነው!»

«ያምራል እትዬ።»

«በረደሽ?» ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። «ከዛሬ በኋላ ማንም ከእኔ አይነጥልሽም።»

ድልድዩን ተሻግረን ሁለት ሰባ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንገባ ትልልቆቹ ጭነት መኪናዎች ከበቡን። እሳቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው የልዑልን ልጅነት ያወሩልኛል። ጀርመንታውንን አልፈን ተራራው በግራ በኩል ብቅ ሲል መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ፍሬድሪክ ስንደርስ የደወል ማማዎቿ ከሩቅ ታዩን።

«ጡብ በጡብ ናት፣ ያንቺን ሰፈር ትመስላለች» አሉኝ። «እንግዳ አትሆኝም።»

ተጠመቅሁ። ወለተ ሥላሴ ተባልኩ። ማዕተቡ አንገቴ ላይ ሲታሰር እጄን አጥብቀው ያዙኝ።

«እንግዲህ ልጄ ነሽ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የእውነት እንባ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አልጠራጠርም።

በሳምንቱ እኔና ልዑል ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ነፍስ አባቱ፣ ወደ አባ ገብረሥላሴ ሄድን። የተክሊል ቀን ልናስይዝ።

«ተጠመቅሽ?»

«አዎ አባ!»

«እሰይ! ማን አነሳሽ?»

ለልዑል መጠመቄን ብቻ ነግሬው፣ ያነሳኝን ለዚህች ደቂቃ ነበር የደበቅሁት። ወደ ልዑል እየሳቅሁ «የእሱ እናት!» አልኩ።

አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ወላጅ እናቱ?»

«አዎ። እትዬ የወይንሐረግ።»

«ልጆቼ... ይህ አይሆንም። ያነሳችሽ እናትሽ ናት። እሱ ወንድምሽ ሆነ ማለት ነው። እህትና ወንድም አላጋባም።»

ወደ ልዑል ዞርኩ። ምንጣፉን ያያል። አልደነገጠም።

ፓርኪንጉ ላይ ጠየቅሁት።

«ታውቅ ነበር?»

«ቤዚ...»

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«ከመሄዳችሁ በፊት ነገረችኝ።»

«ሕጉንስ?»

«ድቁና ተምሬ የለ።»

«አንድ ስልክ ነበር እኮ ልዑል! "አትሂጂ" ብቻ!»

«ታለቅሳለች። ከእሷና ከእኔ ምረጥ አለችኝ... መምረጥ አቃተኝ።»

«መርጠሃል።»

«በፊርማ እንጋባ። ኮርት ሀውስ እንሂድና—»

«ከዚያስ? እሷ ስታለቅስ?»

ትቼው ሄድኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ፤ ከሴቶቹ መካከል ፈልጌ ከወይዘሮ የወይንሐረግ ጎን ቆምኩ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» በሹክሹክታ።

«ላስቀድስ። እናቴ ነዎት፤ ከማን ጎን ልቁም?»

በሚቀጥለውም እሑድ መጣሁ። በሚቀጥለውም። ቦርሳቸውን እይዛለሁ፤ ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን እደግፋለሁ፤ ሰው ፊት ጉንጫቸውን እስማለሁ። «እንዴት ያለች ልጅ ነው ያነሱት!» እያለ ሰው ያመሰግናቸዋል። እሳቸው ለሰው ፈገግ ብለው ክንዳቸውን ከእጄ ይስባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ለልዑል ሌላ ልጅ መረጡለት። ንግስት ትባላለች። ቅዳሴ አልቆ አዳራሽ ውስጥ ከልጅቷና ከእናቷ ከወይዘሮ ልሳነወርቅ ጋር ተቀምጠው ስለ ሰርጉ ያወራሉ። እንደ ልማዴ ሄጄ ሳምኳቸው።

«ይቺ ቆንጆ ደግሞ ማናት?» አሉ ወይዘሮ ልሳነወርቅ።

እኔ መለስኩ።

«የክርስትና ልጃቸው ነኝ። የልዑል እጮኛ ነበርኩ። ለሰርጋችን ብለው ያነሱኝ እሳቸው ናቸው።»

ወይዘሮ ልሳነወርቅ ያደጉት ደጀ ሰላም ነው። ማስረዳት አላስፈለገኝም። እኔን አዩኝ፤ ማዕተቤን አዩ፤ ከዚያ ዞረው ወይዘሮ የወይንሐረግን አዩዋቸው።

«ንግስት» አሉ ልጃቸውን፤ «ተነሺ።»

ተነሥተው ወጡ። ሰርጉ እዚያው ቀረ።

«ምን በደልኩሽ? ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ!» አሉኝ እትዬ።

«ልጅ በእናቷ ትወጣለች» አልኳቸውና ቦርሳቸውን ከጎናቸው አስቀመጥኩላቸው።

ልዑል እየሮጠ ውጭ ደረሰብኝ። ከስቷል። አሁንም ያምራል። አሁንም ልቤ ዘለለ።

«ቤዚ! ቆይ... ቤዚዬ!»

ዞርኩ።

«አቤት፣ ወንድሜ?»

እጁን አነሣ፤ መልሶ አወረደው። እስኪናገር ጠበቅሁት፤ የእውነት ጠበቅሁት። ከአዳራሹ እናቱ ስሙን ጠሩ።

ገባ።